ዝርዝሩ ላይ የለም

የሁለተኛ ዲግሪዬ ስም ረጅም ነው፤ ውሃን፣ የሰው ጤናንና የእንስሳት ጤናን ባንድ ላይ የሚያጠና ትምህርት ነው። ከመመረቂያ ጽሑፉ ይልቅ ስሙን ማስረዳት አደከመኝ። ሰቆጣ ተመልሼ የደረጃ እድገት ስጠይቅ የውሃ ቢሮ ሰዎች “ይሄ ጤና ነው” አሉኝ። የጤናዎቹ ወደ እንስሳት ላኩኝ፤ የእንስሳት ሰዎችም መልሰው ወደ ውሃ።

ዛሬ የሰው ሀብት ባለሙያዋ የትናየት የተዛማጅ ሙያዎችን ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች ለሦስተኛ ጊዜ አየችልኝ።

“የለም፣ ይስማው። ይሄን ማስረጃ ከፋይልህ አውጣና በመጀመሪያ ዲግሪህ ተወዳደር።”

አወጣሁት። ብብቴ ሥር ሸጉጬ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥሁ። አጠገቤ ከአበርገሌ በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሚጠጡት ምንጭ ተበላሽቶ ፍየሎቹም ልጆቹም ታመውባቸዋል። እሳቸውም እንደኔ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

“ልጄ፣ የተማርህ ትመስላለህ” አሉኝ። “ይሄን ሁሉ ባንድ ላይ የሚያይ ሰው የለም?”

ወረቀቱን ብብቴ ሥር ጠበቅ አደረግሁት።

“ዝርዝሩ ላይ የለም፣ አባቴ” አልኋቸው።