ንጹሕ ግድግዳ

ፎቶ ቤቱ ውስጥ እንደ እሷ ፎቶ ላይ ያለ ፊት የሚያጸዳ አልነበረም። ማዲያት ይሁን ብጉር፣ በእጇ ያለፈ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። «እሷ ጋ ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳ ከፍቶ ይሄዳል» እያሉ ይቀልዱባታል።

እጇ ያልደፈረው የታላቅ ወንድሟን ፊት ብቻ ነው። ልጅ ሳለ ከበር ጋር ተጋጭቶ ያተረፈው ጠባሳ ግንባሩ ላይ አለ። ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ጣቷ ወደዚያ ሲሄድ አይቶ ጮኸባት። «እሱን ተይው! እማዬ በምን ትለየኛለች?»

ወንድሟ አሸዋ ማውጫ ውስጥ የኤክስካቫተር ነጂ ነው። የሚቆፍረው ከረጅም የአሸዋ ገደል ሥር ሲሆን፣ በገደሉ ፊት ላይ ንብ የሚበሉት አረንጓዴ ወፎች ጉድጓድ ምሰው ይፈለፍላሉ። እሷ ከሥራ በፊት ከማዶ ካለው ጉብታ ላይ ሆና ታነሳቸዋለች። ይህን ሲያውቅ አንድ ነገር አደራ አላት።

«እኔ ከሥሩ ሆኜ አናቱ አይታየኝም፤ አንቺ ግን ፊት ለፊቱ ነሽ። የሚያጠራጥር ነገር ካየሽ ሳይውል ሳያድር ንገሪኝ፣ እታለም።»

«እሺ ጋሼ» አለችው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ከዚያ ስታልመው የኖረችውን ፉል ፍሬም ካሜራ ገዛች። የመጀመሪያ ቀን አኩርፋ ተመለሰች። በአሮጌው ካሜራ ፎቶውን ሞልቶት የነበረው ወፍ፣ ሌንሱ ያው ሆኖ ሳለ፣ በአዲሱ ራቅ ብሎና አንሶ ታየ፤ ካሜራው ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ዙሪያውን ሁሉ ያስገባል። ወንድሟ በሳቅ ፈረሰ። «ትልቅ ካሜራ ገዝተሽ ትንሽ ወፍ?»

ውላ አድራ ግን ወደደችው። የላባው ቀለም በንጋት ብርሃን እንኳ ጥርት ይላል። ወፎቹን ከነመንደራቸው አትማ ኤግዚቢሽን ላይ ልታቀርብ ቆረጠች። አሁን ገደሉ ሁሉ ይገባላታል፤ እንደተለሰነ ግድግዳ ያምራል፣ ከጉድጓዶቹ በላይ ካለች አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር በቀር።

የዛፍ ሥር መሰለቻትና ከፎቶው ላይ አጠፋቻት። በማግስቱ ስታነሳም ነበረች፤ አጠፋቻት። ሌላ ቀን ረዝማ፣ ጉድጓዶቹን አልፋ ወርዳ አገኘቻት። «አቤት ስታደክሚ!» ብላ ይቺንም አጠፋቻት። አንዴ እጇን ሰብስባ፣ ይህ ምንድነው ብላ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? እጇ ከዓይኗ ቀደመ። ከሁሉም ያማረውን ፎቶ ለወንድሟ ላከችለት። «ሲያምር! ነገ ሥራ ቦታ አሳያቸዋለሁ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ወፎቹ ንብ በአፋቸው እንደያዙ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተደርድረው ነበር። ጫጩቶቻቸው ጉድጓድ ውስጥ ይርባቸዋል፣ እነሱ ግን አይገቡም። አንዷ እስከ ጉድጓዷ አፍ በርራ ሄደችና ሳታርፍ ተመለሰች። እሷ ከጉብታው ላይ ሆና ይህን አየች። ቢሆንም ወፎቹ በሽቦው ላይ አምረው ነበርና አነሳቻቸው። ከሥር ኤክስካቫተሩ ከወትሮው ጠለቅ ብሎ ገብቶ ያጓራል።

ፎቶ ቤት ገብታ ያነሳችውን ከፈተች። ከወፎቹ ኋላ ያለችው መስመር መስመርነቷ ቀርቶ አፏን ከፍታለች። ሳይጸዱ የተቀመጡትን የቀድሞዎቹን ፎቶዎች ቅጂዎች አከታትላ ብታያቸው፣ ያቺው መስመር በየቀኑ እየረዘመችና እየሰፋች መጥታለች። ስልኳን አፈፍ አድርጋ ወንድሟ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ደጋግማ ደወለች፤ በመጨረሻ አነሳ።

«ጋሼ ውጣ! ገደሉ ተሰንጥቋል!»

«ምን? ማሽኑ አላሰማ አለኝ!»

«ገደሉ! ተሰንጥቋል!»

«የቱ ገደል? አሁን ጠዋት ፎቶሽን ለፎርማኑ አሳየሁት እኮ። ‹እንዲህ ንጹሕ ከሆነማ ጠጋ ብለህ ቆፍር› አለኝ።»

«እኔ ነኝ ያጸዳሁት! ስንጥቁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ውጣ በናትህ!»

«እታለም» ሲላት ሰማች፤ ድምፁ የሚስቅ ሰው ድምፅ አልነበረም። የማሽኑ በር ሲከፈት ሰማች። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የመጣው ድምፅ የማሽንም የሰውም አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ እናታቸው የመታወቂያውን ፎቶ ይዘው ፎቶ ቤት መጡ። «አጉይልኝ፣ ግድግዳ ላይ ልስቀለው» አሏት። ፊቱ ስክሪኑን ሲሞላው ጣቷ በልማዷ ወደ ግንባሩ ሄደ። እጇን ሰብስባ ጭኗ ሥር ከተተችው። ፎቶውን እንዳለ አተመችው።

እናቲቱ ፎቶውን ተቀብለው ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱት። «እሱ ነው፤ ልጄ ነው» አሉና ግንባሯን ስመዋት ወጡ። ስለ መስመሯ ግን እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።