ላልቶ ሲነበብ ይጠብቃል

እህቴ የምትለው እንዲህ ነው። ለሳምንታት ስታብሰለስለው የቆየችውን ጥያቄ፣ መካኒኩን ጠጋ ብላ ጠየቀችው። «ሰው ሁለት ዓመት ይጠብቃል?» እሱ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አይጠብቅም! አንዴ ከተሳበ አለቀለት፤ በአዲስ መቀየር ነው!» ብሎ መለሰላት።

መካኒኩ የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው። ሥራ ላይ ጎንበስ እንዳለ፣ ያቺ ቀና ብሎ ለማየት እንኳ የሚያፍራት ልጅ መጥታ ስለ ብሎን ጠየቀችው። ደስታው ወሰን አጣ። በሕይወቱ ለሴት ልጅ እንደዚያ አጥርቶ መልሶ አያውቅም። እሷ ግን የያዘችውን የዘይት ጨርቅ ፊቱ ላይ ወርውራበት ሄደች። «ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የነገርኳት!»

ሁለቱም አልዋሹም። በመካከላቸው የሚንደቀደቅ ኮምፕሬሰር ነበር። ጥያቄውንም መልሱንም በትክክል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የአባቴ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ፍሬን ረግጫለሁ።

ነገሩ ከሥሩ ሲነገር፣ እህቴ ነርስ ናት። ሩቅ ከተማ ላይ የሁለት ዓመት ሥራ አግኝታ፣ አባቴ «ልጄ» በሚላት አሮጌ መኪናው ሊያደርሳት ተነስቶ ነበር። እኔም ልሸኛት ተሳፈርኩ። ገና ከሰፈር ሳንወጣ የፊት ጎማዋ እንደ ንብ ቀፎ መጮህ ጀመረች። ያን ጩኸት ይዞ ረጅም መንገድ የሚገባ እብድ ብቻ ነው፤ አባቴም ጥቂት ካሰበ በኋላ እብድ እንዳልሆነ ወሰነና ወደ አክስቴ ጋራዥ ጎራ አልን።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናት። ጋራዡም የእሷ፣ ጋራዡ ውስጥ የሚሰማው ትልቁ ድምፅም የእሷ ነው። መካኒኳን ሰው ሁሉ «ግማሽ ዙር» ይለዋል፤ ሌላው በቃ ጠበቀ ሲል እሱ «ግማሽ ዙር ይቀረዋል» ስለሚል። በሥራው የሚስተካከለው የለም፤ እህቴ በበሩ ብቅ ስትል ግን የያዘውን መፍቻ እግሩ ላይ ይጥላል። እሷም ብትሆን አክስቷ እንዲህ ድንገት የናፈቀቻት ግማሽ ዙር ከተቀጠረ ወዲህ ነው። እንደሚዋደዱ ከሁለቱ በቀር የማያውቅ አልነበረም። አዎ፣ አባቴም አያውቅም፤ እሱ ከመኪናው ሌላ የሚያየው የለም።

ግማሽ ዙር መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማው የሚዞርበትን ያን የጮኸ ኩሽኔታ አውጥቶ አዲስ አስገባ፤ ጎማውን መልሶ ገጠመ። የቀረው ትልቁ የመሃል ብሎን ነበር፤ ከሞተሩ መጥቶ ጎማውን የሚያሽከረክረውን ዘንግ፣ ጎማው ከሚታሰርበት ሞዞ ጋር አንቆ የሚይዘው። አባቴ አሮጌውን ብሎን ከመሬት አነሳና በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ብርሃን አቀረበው።

«ምን ሆነ ይሄ? ሎጋ አይደል እንዴ!»

«ሎጋ የሆነው ስለተሳበ ነው ጋሼ» አለ ግማሽ ዙር። «ይሄ ብሎን አንዴ ነው የሚጠብቀው። ድጋሚ ቢገባ ይላላል።»

«በረጅም ቱቦ እስኪያቃስት አጠብቀዋለሁ!»

«ሲያቃስት ይበጠሳል ጋሼ።»

አክስቴ ወንድሟን በክርኗ ገፋ አደረገችው። «ዞር በል አንተ! መኪና መንዳት ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሱንም የሰፈሩ ዛፍ ሁሉ ይመሰክርብሃል።»

እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ፍሬን ካልተያዘ ብሎኑ ሲዞር ጎማውም አብሮ ይዞራል። ግማሽ ዙር ጣቱን ቀስሮ፣ «ልቀቅ እስክልህ ድረስ መኪናዋ ብትነድም እንዳትለቅ» አለኝ። አዲሱን ብሎን በእጁ አስገብቶ መፍቻውን ሲያነሳ ኮምፕሬሰሩ ተነሳ፤ እህቴም መጣች። «ሰው» የምትለዋን ቃል ኮምፕሬሰሩ ዋጣት። ምስኪኑ፣ አባቷ የጀመረውን የአሮጌ ብሎን ክርክር የቀጠለች መስሎት፣ ያንን የተባረከ መልስ መለሰላት።

እህቴ የዘይት ጨርቁን ወርውራ ስታበቃ ወደ አባቴ ሄደች። ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል፤ አገጯ ግን ወደ ላይ ነው።

«አባዬ፣ አሁኑኑ እንሂድ!»

አባቴ ሌላ ምን ይፈልጋል። «ሰማህ? ክሪኩን አውርድልኝ። እኔ መንገድ ላይ አጠብቀዋለሁ።»

«አይወርድም!» ግማሽ ዙር ክሪኩን እንደ ሕፃን አቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ብሎኑ ሳይጠብቅ ክብደት ካረፈበት አዲሱ ኩሽኔታ ያኔውኑ ተበላሸ ማለት ነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለች እህቴ። «የማይጠብቅ ሰው ስለ መጥበቅ ምን አገባው?»

ግራ ገባው። የመጨረሻውን አባባል በጭራሽ እንዳልተረዳው ከፊቱ ይታያል። ክሪኩን ግን አልለቀቀም።

«ብትጠዪኝም ጥዪኝ» አለ። «በላላ ብሎን አልሰድሽም። ጎማው መንገድ ላይ ወልቆ አንቺ…» መጨረስ አቃተው። እስከ ጆሮው ቀላ።

አክስቴ ሄዳ ኮምፕሬሰሩን አጠፋችው። እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት መካከል እንዲያልፋት የምትፈቅድ ሴት አይደለችም።

ጸጥ ሲል እኔ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። «አንቺ! ስለ ብሎኑ እኮ ነው የመለሰልሽ!»

«ምን?»

«አሮጌው ብሎን አይጠብቅም ነው ያለው! ቃሉ ሲጻፍ አንድ ነው፤ ሲነገር ነው ሁለት የሚሆነው። ‹ብ› ጠብቆ ሲነበብ ሰው ይጠብቃል፤ ‹ብ› ላልቶ ሲነበብ ብሎን ይጠብቃል!»

አክስቴ ወገቧን ያዘች። «ብሎኑ የሚጠብቀው ሲላላ ነው?»

«አዎ!»

«ኮሌጅ የላክንህ ለዚህ ነው?»

«ይሄን ልጅ ከመኪናዬ አውርዱልኝ!» ጮኸ አባቴ። «ብሎን ሲላላ ይጠብቃል እያለ ነው!»

«ሲላላማ አይጠብቅም!» አለ ግማሽ ዙርም ደንግጦ።

«ቃሉ! ቃሉ ሲላላ!»

እህቴ ግን ጠጋ አለች። አንዴ ብሎኑን፣ አንዴ ግማሽ ዙርን አየች። ከንፈሯ ዳር ላይ አንድ ነገር ሊያመልጣት ሲታገል አየሁት፤ ሳቅ ነበር።

«ሰው… ነው ያልሽው?» አለ ግማሽ ዙር ቀስ ብሎ። «ሰው ይጠብቃል ወይ ነው የጠየቅሽኝ?»

ብድግ ከማለቱ መፍቻው እግሩ ላይ ወደቀ።

«መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ» አለችው።

አጨራረሱ እንዴት ያለ ነበር! አክስቴ ልኩ ሲደርስ ቋ የሚለውን መፍቻ ከተጠቀለለበት ጨርቅ አውጥታ እንደ ሽልማት አቀበለችው። ሳበ፤ ሳበ፤ ቋ! አባቴ ያንን ድምፅ ሲሰማ መኪናዋ የታመመች ይመስል ፊቱን አኮማተረ። ግማሽ ዙር ብሎኑ ራስ ላይ በጠመኔ መስመር ሳበና ክሪኩን ቀስ አድርጎ አወረደ። ጎማው መሬት ነካ።

«አሁንስ ልልቀቅ?» አልኩ። እግሬ ደንዝዞ የእኔ መሆኑን ተጠራጥሬያለሁ።

«ጠብቅ!» አሉኝ አራቱም ባንድ ድምፅ። ሁለት ዓመት ነው ወይ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

«ግማሽ ዙር ይቀረዋል» አለ ግማሽ ዙር፤ ይህን ጊዜ ማንም አልሳቀበትም። ጠንካራውን መፍቻ ብሎኑ ላይ ሰካና እጀታው ላይ ቱቦ ቀጠለ። «የሚያግዘኝ እፈልጋለሁ።»

አባቴ ሲራመድ አክስቴ በቀበቶው ያዘችው። እህቴ እጅጌዋን ሰብስባ ቱቦውን ከእሱ እጅ ጎን ጨበጠች።

«እየገፋሽ፣ ቀስ ብለሽ» አላት። «መንጨቅ የለም።»

ገፉ። የጠመኔው መስመር እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ እያለ ዞረ። እህቴ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ክንዷን አልፎ ቱቦውን አንቀጠቀጠው፤ እሱም ሳቀ፤ እኔም ፍሬኑ ላይ ሆኜ ሳቅሁ፤ መኪናዋ ራሷ የምትስቅ መሰለች። መስመሩ ተገልብጦ ታች ሲደርስ ግማሽ ዙር እጁን አነሳ።

«በቃ። ከዚህ በላይ ቅንጣት ታህል አይዞርም።» ላቡን ሲጠርግ ግንባሩን በግራሶ ለወሰው። «እኔም… ሁለት ዓመት… እጠብቃለሁ።»

«ደግሞ ምኑን ነው የሚያጠብቀው?» አለ አባቴ። «አልጨረሰም እንዴ?»

«ልጅህን ነው የሚጠብቀው፣ አንተ ጆሮ ቢስ!» አለች አክስቴ።

አባቴ ግማሽ ዙርን አየ። እህቴን አየ። ቱቦው ላይ ተያይዘው የቀሩትን ጥቁር ጥቁር እጆች አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ላልቶ ነው ጠብቆ?»

«ጠብቆ ነው አባዬ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የጠመኔውን መስመር በጣቱ ዳሰሰ፤ ብሎኑን ገፋ፤ ንቅንቅ አላለም። እየተነሳ ጉልበቱን አራገፈ። «ልጄን ያለ አግባብ አላወረዳትም» አለ፤ መኪናዋን ይሁን እህቴን ግልጽ አልነበረም። «እና አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እግሬ አሁንም ፍሬኑ ላይ ነበር። እህቴ እጇን በዚያው በወረወረችው ጨርቅ ጠርጋ ጨርቁን ግማሽ ዙር ትከሻ ላይ አኖረችና፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሱቆች ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ሥራዬን አልተውም፤ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ግን ሁለት ዓመት የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያ እረፍቴን ባገኘሁ ቀን መጥቼ ይሄን ሰውዬ አገባዋለሁ። እስከዚያ ይጠብቃል!»