ከበሩ ኋላ የቀረው ቀበቶ

ዴልያ ቀበቶውን ያየችው የወጥ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ ከኋላው የተጠራቀመውን አሸዋ ስትጠርግ ነው። ከቤቱ ቁልፍ ጋር በአንድ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሰፊ፣ ሰማያዊ፣ የልጇ የሊሳንድሮ ቀበቶ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ አባትና ልጅ ከቤት ከወጡ አምስት ሰዓት አልፏቸዋል።

በባሕር ዳሯ መንደር በሎስ ታማሪስኮስ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ባሕር ውስጥ ቆሞ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ይለብሳል፤ በላዩ ላይ ወገቡን በቀበቶ ጥፍር አድርጎ ያስራል። ቀበቶው ከሌለ አንድ ማዕበል በደረቱ በኩል ከገባ ሱሪው እንደ እንስራ ይሞላል። ሞልቶ የዋኘ እንስራ ደግሞ እስከ ዛሬ አልታየም።

ቀበቶውን እዚያ የሰቀለችው ራሷ ናት። ሐሙስ ዕለት በሱሪው ጉልበት ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር አየች። ሌላ ሰው አያያትም ነበር፤ ዴልያ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ታያለች። ቁራጭ ጎማና ማጣበቂያ ፈልጋ ደፈነችው፤ ጨውን በንጹሕ ውሃ አጥባ አወጣችለት፤ ገልብጣ ገመድ ላይ ሰጣችው። ቀበቶውን ፀሐይ እንዳያደርቀው ብላ ወደ ቤት አስገባችው። ለሊሳንድሮ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ቅዳሜ ሌሊት ግን ስለ ንፋሱ፣ ስለ አለቱ፣ መንጠቆ እጁን ቢወጋው ምን እንደሚያደርግ፣ በባዶ ሆዱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ስትነግረው ይህን ረሳችው። ከነገረችው መቶ ነገር የጎደለው ይኸው አንዱ ነበር። እሱም «እሺ እማ፣ እሺ እማ» እያለ ሱሪውን ከገመዱ ላይ ላጥ አድርጎ፣ አባቱ በሚያስነሳው አሮጌ መኪና ላይ ዘሎ ወጣ።

አሁን ቀበቶውን በእጇ ይዛ ቆመች። ለልጇ ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። ባሏ ኤቫሪስቶ ወደ ባሕር ስልክ ይዞ ሄዶ አያውቅም።

የቀረው ለባሕር ዳር ጠባቂዎች መደወል ነው፤ ይህ ግን ከአምናው በኋላ የማይታሰብ ሆነባት። አምና በጥር ሊሳንድሮ ለምሳ ሁለት ሰዓት ስለዘገየ ብቻ ዴልያ የጠባቂዎቹን ጀልባ ባሕር ላይ አስወጣች። ጀልባዋ ማዕበል ለማዕበል ስትባክን፣ በጋውን ሊያሳልፍ ከየከተማው የመጣው ሕዝብ ሁሉ ዳር ቆሞ ሲያይ፣ ልጁ ከመኪናው ሥር ጥላ አግኝቶ ተኝቶ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «እትዬ አምቡላንስ» ሆነ። ሊሳንድሮ አንድ ሳምንት አኮረፋት። ኤቫሪስቶ ግን ሳቀ፣ ግንባሯን ሳማት፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄ መንደር በምን ይስቅ ነበር አላት።

ስለዚህ ለራሚሮ ደወለች። ራሚሮ የአጥማጆች ክበቡ ጸሐፊ ነው፤ በየዓመቱ በካርኒቫል በዓል ሰሞን በሚደረገው የማጥመድ ውድድር አሸዋው ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ተወዳዳሪ የሚመዘግበው እሱ ነው። አባትና ልጅም ዛሬ የሄዱት ለዚሁ ውድድር ነው።

«ራሚሮ፣ ዴልያ ነኝ።»

«ይኸው ደወለች» አለ፤ አጠገቡ ላሉት መሆኑ ነው። ሳቅ ተሰማ። «እትዬ ዴልያ፣ ዛሬስ ማን ሰጠመ?»

የሊሳንድሮ ቀበቶ እቤት መቅረቱን ነገረችው።

«ያለ ቀበቶ ማንም አይገባም፤ ደንብ ነው» አላት። «ልጅሽን እኔው ነኝ የፈተሽኩት። ቁጥሩን ቀበቶው ላይ ያሰርኩለት በዚህ እጄ ነው፤ ሠላሳ አንድ። አሁን ማቴሽን ጠጪና እረፊ፣ እትዬ።»

ዴልያ አመስግና ዘጋች። አፍራለች፤ ግን እንዲያ ያለ እፎይታ ከተሰማት ዘመን አልፏት ነበር። ቀበቶውን መልሳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። የማቴ ቅጠሏን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ በቀጭኗ ቱቦ መጠጠች። ሬዲዮ ከፈተች። ለምሳ ድንች መላጥ ጀመረች። ሦስት ሳህን አወጣች፤ ሦስት ሹካ አወጣች። ሹካዎቹን በየሳህኑ አጠገብ ስታኖር እጇ ቆመ።

ቤታቸው ውስጥ ሹካ ብዙ ነው። ቀበቶ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ሰማያዊውና የኤቫሪስቶ ጥቁሩ። ሰማያዊው እዚህ ካለ፣ በሊሳንድሮ ወገብ ላይ ያለው ጥቁሩ ነው። እንግዲያ የኤቫሪስቶ ወገብ ላይ ምን አለ?

ስልኩን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። «ዛሬስ ማን ሰጠመ» የሚለው ሳቅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ደግሞስ ስለ ማን ብላ ትደውል? ስለ ኤቫሪስቶ? በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ስለ ሁሉ ነገር ፈርታለች፤ ስለ እሳት፣ ስለ ሌባ፣ ስለ ጋዝ፣ ስለ ልጇ ሳል። ስለ ኤቫሪስቶ ፈርታ አታውቅም። ባሕሩን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ቀበቶውን ለልጁ ከሰጠ እሱ አይገባም፤ አሸዋው ላይ ፔርሙሱን ታቅፎ ተቀምጦ ወጣቶቹን እያሽሟጠጠ ነው የሚሆነው። እንዲህ እያለች ራሷን መከረችና ወደ ድንቹ ተመለሰች። አንድ ላጠች። ሁለት ላጠች። ሦስተኛውን ስትልጥ ኤቫሪስቶ ለልጁ ሲል ምን እንደሚያደርግ አሰበች። አራተኛውን በግማሹ ትታ፣ ቀበቶውን ከሚስማሩ ነጥቃ፣ በነጠላ ጫማዋ በታማሪስኮ ዛፎቹ መካከል ወደ ባሕሩ ሮጠች።

በባሕሩ ዳር የሆነውን በኋላ ከአንዱም ከሌላውም ሰማች።

ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ ምዝገባው ላይ፣ ሊሳንድሮ ቀበቶው እንደሌለ አወቀ። ተመልሶ እንዳያመጣ ወረፋው ያልፈዋል። ኤቫሪስቶ ጥቁሩን ከራሱ ወገብ ፈታና በልጁ ወገብ ላይ አሰረው። የራሱ ቁጥር ሠላሳ ነበር፤ ለራሚሮ መልሶ ሰጠው። ልጁ እምቢ ሲል፣ «እኔ አርባ አንድ ዓመት አጥምጄ ያተረፍኩት የጀርባ ሕመም ነው፤ ዛሬ ማቴ አፍልቼ ልይህ» አለው።

ባሕሩ ሲጎድል ተወዳዳሪዎቹ እንደ ልማዳቸው በዳሩ ያለውን ቦይ በእግር ተሻግረው ማዶ ያለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ወጡ፤ ከዚያ ሆኖ የወረወረ ሰው መንጠቆውን፣ ኮርቪና የሚባሉት ትልልቅ ጥቁር ዓሦች ሸርጣን እስከሚግጡበት ድረስ ያደርሳል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የሊሳንድሮ ዘንግ ጎበጠ። ክሩ እየተተረተረ ሄደ። ሃያ ኪሎ ይሆናል፣ ሠላሳ ይሆናል ተባለ። ልጁ ዓሣውን ሲስብ፣ ዓሣውም እሱን ሲስበው አንድ ሰዓት ሊሞላ ደረሰ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ባሕሩ ተመልሶ ይሞላ ጀመር። ሌሎቹ አንድ በአንድ ቦዩን ተሻግረው ወጡ። ሊሳንድሮ ብቻውን ቀረ። ኤቫሪስቶ ከዳር ሆኖ ፊሽካ ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ልጁ አልዞረም። ማዕበሉ እየጮኸ ፊሽካው አልተሰማውም ተባለ፤ ያን ጊዜ የተባለው እንዲህ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ኤቫሪስቶ ፔርሙሱን አሸዋ ውስጥ ተክሎ፣ በዚያው በጎማ ሱሪው፣ ያለ ቀበቶ፣ ልጁን ሊያመጣ ቦዩ ውስጥ ገባ። መሐል ላይ ሲደርስ ማዕበል ከጎን መታው። ባርኔጣው ከላይ ቀረ፤ እሱ ግን አልቀረም። ሊሳንድሮ ዘንጉን ጥሎ ዘሎ ገባ። ወገቡ የታሰረ ስለነበር ውሃው ወደ ውስጥ አልዘለቀበትም፤ ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጡት።

ዴልያ የአሸዋው ኮረብታ አናት ላይ ስትደርስ ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲሮጥ አየች። ከመሐላቸው ልጇ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጥቁሩ ቀበቶ ወገቡ ላይ፣ እየሳለ ውሃ ይተፋል። ልጄ ተርፏል አለች በልቧ። ደስ አላት። ያቺ ደስታ አንዲት ቅጽበት ብትሆን ነው፤ ባሏን በዓይኗ ከመፈለጓ በፊት የነበረችው። ከዚያ በኋላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ለራሷ ይቅር ያላለቻት ያቺን ቅጽበት ነው።

ሰማያዊውን ቀበቶ ይዛ ወረደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። የሳቀ አልነበረም። ራሚሮ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል፤ ጃንጥላው ኤቫሪስቶ ከተቀመጠበት ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ራሚሮም ያወቀው ይህን ነው፤ እሷም የማትረሳው ይህን ነው። አራት ሰዓት ላይ ደውላለች። ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ደግማ ብትደውል ራሚሮ ተነስቶ ሠላሳ እርምጃ ይራመድ ነበር።

ባሕሩ ኤቫሪስቶን ሦስት ቀን ያዘው። በአራተኛው ቀን በደቡብ በኩል ለማጥመጃ የሚሆን ሸርጣን የሚለቅሙ ሰዎች አገኙት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበሩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ዴልያ ላይ የደረሰው ግን ያልፈራችው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ዘብ የቆመችው በሌላ በር ነበር።

ሊሳንድሮ በእነዚያ ቀናት የተናገረው ነገር አንድ ብቻ ነው። ለመርማሪው ተናገረ፤ ለቄሱ ተናገረ፤ ሊያጽናና ለመጣ ሁሉ ተናገረ። ቀበቶዬን ረስቼ አባቴን ገደልኩ ይላል። ዴልያ እየሰማች ዝም ትላለች። ባሌን አጥቻለሁ፤ ይህን ብነግረው ልጄንም አጣዋለሁ እያለች ታስባለች። ዝም ባለች ቁጥር ደግሞ ልጁ በዓይኗ ፊት እየሟሸሸ ሄደ። እህል አይቀምስም። ቀብሩ ላይ ሰው ደግፎት ነው የቆመው።

ለቅሶ የደረሰው ጎረቤት ሲመሽ ተበተነ። እናትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ያ በር በበጋ ተቆልፎ አያውቅም። ኤቫሪስቶ ባገቡበት ዓመት ከቤቱ ሁለት ቁልፎች አንዱን ቦዩ ውስጥ ጥሎ፣ ዳግመኛ ቁልፍ ይዤ ባሕር አልገባም ብሎ ማለ። ባሕር ሰዓት የለውም፤ ውሃው በፈቀደለት ሰዓት ይመጣል፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። ዴልያ በዚህ ነገር በየበጋው ትጨቃጨቀው ነበር። «ሌባ ቢመጣ ዓሣውን ይወስዳል፤ አንቺን ወስዶ የሚችልሽ አይገኝም» ይላት ነበር። ባሕሩ በያዘው ሦስት ሌሊትም በሩን እንደዚያው ትታው፣ መብራቱን አብርታ ተቀምጣ ነበር ያነጋችው።

«እማ» አለ ሊሳንድሮ ጠረጴዛውን እያየ። «ቀበቶውን ባልረሳው ኖሮ...»

«አልረሳኸውም።»

ቀና አለ።

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ሐሙስ ዕለት ሱሪውን ስደፍን ፈትቼ ከበሩ ኋላ ሰቀልኩት። እነግርሃለሁ ብዬ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ዴልያ የሚመጣውን ለመቀበል እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች። ተነስቶ ይወጣል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ሁልጊዜም የባሰውን ነው የምትጠብቀው።

«ቀዳዳው ምን ያህል ነበር?» አላት።

«የመርፌ ያህል።»

ሊሳንድሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ ከመዳፎቹ መሐል ነው የወጣው።

«ፊሽካውን ሰምቼዋለሁ፣ እማ። ሁለቱንም ጊዜ።»

ዴልያ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች፤ በልጅነቱ ትኩሳት ሲይዘው እንደምታደርገው። ሰማያዊው ቀበቶ ጠረጴዛው ላይ በመካከላቸው ተጥሏል፤ አንዳቸውም አላነሱትም። ውጭ ንፋሱ ከባሕሩ ወገን ተነሳ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ ተመለሰ፣ መቃኑን መታ። ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። የገባ ሰው የለም።

ተነሳች። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። በሩን ዘግታ ቁልፉን ብትከት አልዞር አላት፤ ጨው በልቶታል። ደግማ ሞከረች። ሊሳንድሮ ከወንበሩ ተነስቶ የአባቱን የማጥመጃ ዕቃ ሣጥን ከጥግ ጎተተና የክር ማጠንጠኛ የሚቀባበትን ትንሽ የዘይት ብልቃጥ አወጣ። ሦስት ጠብታ በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ አንጠበጠበ። ጥቂት ቆሙ፣ ዘይቱ እስኪገባ።

ከዚያ ዴልያ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።