መብራት የማይበላው ማብሪያ

ሶርሳ ዓመት ሙሉ ለፍልፎ ሰሚ አጥቷል። ሶዶ ውስጥ እንጨት ሠሪዎቹ ተደራጅተው በሚሠሩበት ሼድ የዲስክ መጋዙ ጋይድ ተጣሟል፤ እንጨት ተደግፎት የሚሄድበት ጋይድ ከተንጋደደ ደግሞ ሥራው ሁሉ ይንጋደዳል። ሲመረው ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ውስጥ ማዞሪያ ያላቸው ሁለት ማግኔቶች ገዛ። ሲያዞሯቸው የብረት ጠረጴዛውን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ፣ ሲመልሷቸው ይለቃሉ። ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ አስሯቸው የራሱን ጋይድ ሠራ።

በዚያው ሰሞን የገሱባዋ ወይዘሮ አስካለች ሟች ባላቸው የተከሉትን ዋንዛ አስቆርጠው ለቤተ ክርስቲያኑ አትሮንስ ማሠሪያ ሰጡ፤ ሥራውን ሶርሳ ያዘው። ለአትሮንሱ ፊት የሚበቃ ስፋት ያለው ሦስት ጣውላ ብቻ ወጣ። ምርቃቱ እሑድ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ የሼዱ ሰው ሁሉ ማብሪያ ለማጥፋት ይሯሯጣል፤ ድንገት ሲመለስ ስንት ሞተር አቃጥሎባቸዋል። መብራቱ መጣና ሶርሳ የመጀመሪያውን ጣውላ ሲገፋ ጋይዱ ተንሸራተተ፤ ጣውላው ተንጋዶ ተቆረጠ።

“ማነው ማዞሪያውን የነካው?”

“እኔ ነኝ ልጄ፤ አጠፋሁት” አሉ ጋሽ ጩማ፣ ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ።

“ይሄ እኮ መብራት አይበላም፣ ጋሼ! ማግኔት ነው!”

“መብራት የማይበላ ማብሪያ ደግሞ ምን ያደርጋል?”

ሰዉ ሳቀ። ሶርሳ ማግኔቱን መልሶ አጠበቀው።

ከሰዓት በኋላም መብራት ሄዶ መጣ። ውጪ የነበሩት ጋሽ ጩማ ገብተው የሁለተኛውን ጣውላ ጫፍ ያዙለት።

“ቆይ ልጄ፣ ያ ማግኔት…”

“ስለ ማግኔት እርስዎ አይንገሩኝ!” ብሎ ገፋው። ያም ተበላሸ።

አሁንም እሳቸው ያዞሩት መሰለውና ደሙ ፈላ። አንቱ ሲላቸው የኖረውን ሰው በሰው ፊት አንተ አላቸው። “እጅህን ከሥራዬ ላይ አንሳ! ሁለተኛ አጠገቤ እንዳላይህ!” ጋሽ ጩማ ሽርጣቸውን ፈቱና ወጡ። ከዚያ ወዲያ ማንም ወደ ሶርሳ ዝር አላለም።

ዓርብ ጠዋት በመጨረሻው ጣውላ ፊት ቆሞ ነበር። መብራት ሄደ። ሶርሳ እየረገመ የመላጊያውን ማብሪያ አጠፋ፣ የሞረዱን አጠፋ፣ የመጋዙን አጠፋ፣ ቀጠለና… ጣቶቹን ማግኔቱ ማዞሪያ ላይ አገኛቸው። አዙሮታል። ትናንት ከሰዓትም እንዲሁ ያዞረው እሱ ራሱ ነው፤ ጋሽ ጩማ ውጪ ነበሩ። አፈረ።

ማግኔቱን አጥብቆ፣ መብራቱ ሲመለስ ጣውላውን ብቻውን ሊገፋ ሞከረ። ጫፉ እየወደቀ አስቸገረው። ቢበላሽ ሌላ ዋንዛ የለም። ትቶት ሄደ።

ጋሽ ጩማን ጓሯቸው ውስጥ እንሰት ሲኮተኩቱ አገኛቸው።

“ሦስተኛውም ተበላሸ?”

“አልተበላሸም። ትናንት ከሰዓት ማዞሪያውን ያዞርኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።”

“አውቃለሁ። በበሩ አይቼሃለሁ። ልነግርህ ስል አይደል ዝም ያሰኘኸኝ?”

“ምርቃቱ እሑድ ነው፤ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው የለም” አለ ሶርሳ።

ሽማግሌው ዶማቸውን አላስቀመጡም። “ይቅር ብያለሁ። ሰኞ እመጣለሁ” አሉና ወደ እንሰታቸው ዞሩ።