አርባ ሰከንድ ክላርኔት

የቴፑ ክር ማድረቂያው ውስጥ ስምንት ሰዓት መቆየት ነበረበት። እኔ በአምስተኛው ሰዓት አወጣሁት።

ሥራዬ የድሮ የኦርኬስትራ ቀረጻዎችን ከክር ላይ እያነሱ ጥራቱ ከፍ ወዳለ ዲጂታል ፋይል ማዛወር ነው። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ «ያረጀ ክር እርጥበት ይጠጣል፤ በቅጡ ሳይደርቅ ካጫወታችሁት ድምፁን የያዘው ሽፋን ይላጣል» እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ለመልቀሙም አልታደልኩም።

ያስቸኮለኝ የወንድሜ ስልክ ነው። «ዶክተሩ ነገን መድረሱንም እንጃ ብሏል። የምታመጪለትን አሁን አምጪለት» አለኝ ከሆስፒታል። አባታችን ክሩ ላይ በተቀረጸው ኦርኬስትራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ክላርኔት ሲነፋ ብቻውን የተሰማው አንዴ ነው፤ አርባ ሰከንድ። ተቀረጸ፣ ኦርኬስትራው ፈረሰ፣ ክሩም መጋዘን ገባ። እሱ አንድም ቀን አልሰማውም። ክሩን አገኘሁት ካልኩት ጀምሮ ባየኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ «ደረሰ?» ብሎ ነው።

አጫወትኩት። ቫዮሊኖቹ በደህና አለፉ። ክላርኔቱ ሲገባ ክሩ ማፏጨት ጀመረ፤ ድምፁ ታፈነ፣ ከዚያ ጠፋ። ማሽኑን አቁሜ ብከፍተው የክሩ ቡናማ ሽፋን ተልጦ የማሽኑ ድምፅ ማንበቢያ ላይ ተጋግሯል። አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግኩት። ክሩን ወደ መብራቱ ባነሳው ማዶውን አሳየኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ የሌባ ሥራ ሠራሁ። ያንኑ ሙዚቃ የተጫወተ የሌላ ኦርኬስትራ ቀረጻ ነበረን። አርባውን ሰከንድ ከእሱ ቆርጬ ገጠምኩ፣ ፍጥነቱን አስተካከልኩ፣ የአዳራሹን ማስተጋባት አለበስኩት። የትንኝ ሹክሹክታ ይሰማል የምንለው አለቃዬ እንኳን መጋጠሚያውን አያገኘውም።

ሆስፒታል ስደርስ የአባቴ አፍንጫ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሳደርግለት ዓይኑን ጨፈነ። ክላርኔቱ ሲገባ ጣቶቹ ብርድ ልብሱን እንደ ክላርኔት ይጫኑ ጀመር። መሃል ላይ ቆሙ። ሙዚቃው ግን ቀጥሏል።

«አባዬ፣ ደከመህ?»

«እኔ እዚህ ጋ እተነፍስ ነበር» አለ። «መሪያችን ሁሌ ይቆጣኝ ነበር። ያኔም ሳንባዬ ሰነፍ ነው፤ ዛሬ አልጀመረውም። ይሄ ሰውዬ ግን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጎበዝ ነው» አለ አባቴ። ትንሽ አረፈና፣ «የኔንስ የት አደረግሽው?» አለኝ።

ሽፋኑን የጠረግኩበት ጥጥ ኪሴ ውስጥ ነበር። መጣል አቅቶኝ ይዤው መጥቻለሁ። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና በአምስተኛው ሰዓት ማውጣቴን፣ መላጡን፣ መስረቄን፣ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጥጡን አየው፣ ጣቶቹን አጠፈበት፣ ሌሊቱን እንደጨበጠው አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ እጆቹን ደረቱ ላይ ልታስተካክል ስትል ጭብጡ አልፈታ አላት። ቀስ ብላ ከፈተችውና የቆሸሸውን ጥጥ አወጣች።

«ይሄ ይጣል?» አለችን።