ደህናው እጅ ሲታሰር

ሀብተ ማርያም የቅርጫ ሥጋ ሲመድብ፣ ዝንብ አንዱ መደብ ላይ ካረፈች ሚዛኑ እንዳይፋለስ ለሌሎቹም ዝንብ ይጠራላቸዋል ይባላል። ይህ እንኳ ተጋኗል፤ ዝንቧን ነበር የሚያባርራት።

በአሰላ፣ በእነሱ ሰፈር፣ ሃያ ሁለት ፋሲካ ሙሉ ቢላዋውን የያዘው እሱ ነው። ሚስቱ አልጣሽ «ከእኔ በፊት የሚስመው ቢላዋውን ነው» ትላለች። ግን መታማቱ አልቀረም። «ሰው እንዲህ እኩል የሚመድበው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው» ይላል ጎረቤቱ ባንተአምላክ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የራሱን ቢላዋ ስሎ ተራ የሚጠብቀው።

ጥር ላይ ሀብተ ማርያምን ስትሮክ መታው። የደም ግፊት ኪኒኑን እንደ ክት ልብስ የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስ ብቻ ነበር የሚያወጣው። ቁርስ ላይ አፉ ተጣመመ፣ ቀኝ እጁ ዝልፍልፍ አለ። ሰፈርተኛው «ምች ነው!» ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ ተበተነ። አልጣሽ ግን የሰፈሩን ባጃጅ ነጂ ሁሴኖን ጠርታ ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል አደረሰችው። ዳማከሴው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

አፉ ተመለሰ፤ እግሩ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን አኮረፈ። የፋሲካ ቢላዋ ደግሞ በኩርፊያ አይያዝም።

«አባባ፣» አለችው ሀሴት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሆስፒታሉ ተመድባ የመጣች ፊዚዮቴራፒስት፣ «ጥናቶቹ የሚሉት እንዲህ ነው። ደህናው እጅ ሁሉን ከሠራለት የታመመው ሥራ ይረሳል። ጣትዎ መንቀሳቀስ ስለጀመረ ደህናውን እናስረዋለን።»

«የኔ ልጅ፣ ጥፋተኛው ሌላ፣ የሚታሰረው ሌላ?»

ታሰረ። ግራ እጁ በቀን ስድስት ሰዓት ወፍራም ጓንት ውስጥ ይገባል፤ ቀኙ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ባቄላ እየለቀመ ያዛውራል፣ አንድ በአንድ። አንዲት ባቄላ ለማንሳት በሚፈጅበት ጊዜ ሰው ሁሩታ ከተማ ደርሶ ይመለሳል።

ጠያቂው ጎረፈ። የገባው ሁሉ የተጠቀለለውን እጅ አይቶ ያለቅሳል። አንዷ ጓንቱን አውልቃ ቅቤ ቀባችው፤ ሌላው ጸበል ረጨው፤ የዕድሩ ሰብሳቢ ሊስመው ጎንበስ አለ። ግራ እጁ ከመታሸቱ ብዛት የሙሽራ እጅ መሰለ።

«የታመመው ይኼኛው ነው!» ይጮኻል ሀብተ ማርያም፣ ቀኙን ከጭኑ ላይ ሊያነሳ እየታገለ።

«እሺ፣ እሺ፣ አይዞህ» ይሉታል፤ ወጥተውም በር ላይ ያንሾካሹካሉ፦ «አእምሮውንም ነክቶታል።»

ባንተአምላክም መጣ። ባቄላዋ ከሀብተ ማርያም ጣት ሦስቴ ስትወድቅ በትዕግሥት ተመለከተ።

«ወይ ሀብቴ! በደህናው እጅህ እንኳ ባቄላ ማንሳት አቃተህ?»

«ደህናው ይኼ አይደለም አልኩህ!»

«ግድ የለህም፤ ቢላዋው አያሳስብህ፤ እኔ አለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀብተ ማርያም ባቄላውን በቁጣ ይለቅም ያዘ።

የፋሲካ ማለዳ በሬው ታርዶ ተገፈፈ፤ ባንተአምላክ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ሀብተ ማርያም ጓንቱን እንዳጠለቀ መጣና በቀኝ እጁ ቢላዋውን አነሳ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ማንም ሊነጥቀው አልደፈረም፤ ቢላዋው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅማ!

ምደባው ሲያልቅ አንዱ መደብ የጭላሎን ተራራ አከለ፤ ሌላው ለድመት የተጣለ መሰለ።

«ይኼ ማካፈል ነው?» ጮኸ ባንተአምላክ።

ሁሴኖ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ነበር። «ስሙኝ፣» አለ፤ «እኔ ከዚህ ሥጋ አልበላም፤ እዚህ ከቆመው ሁሉ የማላዳላው እኔ ብቻ ነኝ። ጋሼ ያምታታሉ ስትሉ ኖራችሁ። ዎላሂ፣ ይኼ እጅ ማምታታት ቢፈልግስ ይችላል?»

ሰዉ ተያየ። እውነት ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ እጅ አይተው አያውቁም። ዕጣ ተጣለ፤ ጭላሎው ለባንተአምላክ ወጣ።

«እግዜር እጁን ይባርከው» አለ ባንተአምላክ፣ ሥጋውን እያቀፈ።

በሳምንቱ የቅርጫው አባላት ሽማግሌ ሆነው ሀሴት ዘንድ ሄዱ። «የኔ ልጅ፣ ደክመሻል፤ እናመሰግናለን። አሁን ግን ይበቃል፤ ከዚህ በላይ እንዳታድኚው። ታማኝ ቢላዋ ያዥ ያገኘነው ገና ዘንድሮ ነው።»

ሀሴት በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ሲመጣ እየሳቀች ነገረችው። ሀብተ ማርያም ሳህኑን ሳበና ባቄላውን በቀኝ እጁ ለቅሞ ጨረሰ፤ አንዲት ሳትወድቅ።

«አባባ! ድነዋል እኮ!»

«ቀስ በይ፣ በሩ ክፍት ነው።»

የሸሚዙን ቁልፎች በቀኙ ቆለፈና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ባንተአምላክ ሊጠይቀው ተቀምጦ ነበር። ሀብተ ማርያም ቀኝ እጁን እንደ ወንፊት እያንቀጠቀጠ ለሰላምታ ዘረጋለት።

ባንተአምላክ በሁለት እጁ ተቀበለው። «አይዞህ ሀብቴ፣» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፤ «ለእንቁጣጣሽም ቢላዋውን የምትይዘው አንተው ነህ።»