የሲባጎው ቤት

የቅርስ አጥኚዋ አንድ ጥንታዊ የገበሬ ግቢ ልትለካ ስትሄድ የሚነዳላት የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ቢታመም ፒክአፕ ያለው ሌላ ሰው አልተገኘም። ሁለቱ ከተኳረፉ ከርመዋል። እሷ ለሥራ ርቃ ሳለች ወላጆቻቸው የኖሩበትን ቤት አፍርሶ በቦታው አዲስ ቤት ሠራበት። «የሰው ፍርስራሽ ስለካ የራሴን ቤት አፈረስክብኝ» ያለችው ቃል ጉሮሮ ላይ እንደ ቀረ አጥንት በመካከላቸው ተሰንቅሮ ነበር። መንገዱን ሙሉ ያወራው ሞተሩ ብቻ ነው።

ከግቢው የተረፈው ሣር የዋጠው የድንጋይ መሠረት ነው። እሷ ሣሩን እየገለጠች፣ ካስማ እየተከለች ሲባጎ ስትወጥር፣ እሱም ሥራ ፈትቶ መቆሙ ቢከብደው የሜትሩን ጫፍ ያዘላት። ጓዳው፣ በረቱ፣ ጎተራው ቀስ በቀስ በነጭ ክር ተለይተው ወጡ።

ረፋዱ ላይ ጉም ወረደ። ከሲባጎው ወዲያ ያለው ዓለም ጠፋ። ነገሩ እንደ ሕልም ይሆንባት ጀመር። ክሩን ተራምዶ ማለፍ ሲቻል፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ በበሩ በኩል እየዞሩ ይገቡ ነበር። ምድጃው ዘንድ ተንበርክካ የጠቆረውን አፈር ስትነካው፣ አሁን የተዳፈነ እሳት ያለበት ይመስል የሞቀ መሰላት።

ቀና ስትል ወንድሟ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ግባ እንጂ፤ ውጭ ምን ያቆምሃል?» አለችው።

ገብቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የወላጆቻቸው ቤት አዘንብሎ ሊወድቅ ደርሶ እንደ ነበር፣ በሰው አገር ሊያስጨንቃት እንዳልፈለገ፣ ግድግዳው ሲናድም ለብቻው ቆሞ እንዳለቀሰ ነገራት። ይህን አልሰማችም ነበር። ክሩን በጣቷ ስታፍተለትል ቆየች።

ጉሙ ሲገለጥ ልኬቱ አለቀ። እሷ የተረፈውን ሲባጎና ካስማ ይዛ ወደ ታችኛው ለጥ ያለ ሜዳ ወረደች።

«ወንድም ጋሼ፣ የኛ ሳሎን ከየት እስከ የት ነበር?»

ዞሮ አያት፤ ከዚያም መራመድ ጀመረ። እሱ እየረገጠ፣ እሷ ከኋላው እየወጠረች የልጅነት ቤታቸውን ሣሩ ላይ ዘረጉት። የወላጆቻቸው መኝታ ቤት ጋ ሲደርሱ ተጣሉ። እሱ መስኮቱ በጀንበር መውጫ በኩል ነው ሲል፣ እሷ በጓሮ ነው አለች።

«አንቺ ያኔ ጡት እንኳ አልጣልሽም ነበር» አላት።

«አንተስ መች ቤት ውለህ ታውቃለህ?»

ሁለት መስኮት አወጡለት።

ከዚያ እሷ ሳሎኑ ጥግ ሣሩ ላይ ጋደም አለች። ነፋሱ ክሮቹን ያርገበግባል። እሱ መኝታ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ኮቴው ይሰማታል።

«ተኛሽ እንዴ?» አላት ከወዲያኛው ክፍል።

«አልተኛሁም» አለችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እንደ ልጅነታቸው ሌሊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ጠየቃት፤ ሳትመልስለት እንቅልፍ ወሰዳት።